የልብስ ሰፊው እግር

መጀመሪያ የተናደድኩት በጣሪያው ነው። ሰው በጣሪያ ይናደዳል እንዴ? እኔ ተናድጃለሁ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የትልቁ ሳሎን ጣሪያ አራት ቦታ ተበስቶ፣ በየቀዳዳው ሳህን የሚያክል ስፒከር ተገጥሞ ጠበቀኝ። ከውስጡ የውሃ ድምፅ ይፈሳል። ከውሃው ጋር አንድ ፒያኖ አለ፤ እንቅልፍ እያዳፋው ያለ ሰው የሚነካካው ዓይነት። ሃያ ሦስቱ አረጋውያን ከሥሩ ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ ግማሾቹ ሽንት ቤት ውሰዱን እያሉ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲንዠቀዠቅ እየሰማ ሽንቱ የማይመጣ ሽማግሌ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። «በማዕከላችን የሙዚቃ ሕክምና ቀኑን ሙሉ ይሰጣል» ይላል። ቆሽቴ አረረ።

እኔ እዚህ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁ ተንከባካቢ ነኝ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፤ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ደግሞ ስለ እያንዳንዱ ሰው ቅጽ እሞላለሁ። ቁጡ ነኝ። አረጋውያኑ «እሳቷ» ይሉኛል፤ ፊት ለፊቴ ሳይሆን ዞር ስል፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው። ጆሮ የከዳው ሰው ሲያንሾካሹክ እስከ ኩሽና እንደሚሰማ አያውቁም።

ንዴቴ እንዲገባችሁ እውነተኛዋን ሙዚቃ ላስተዋውቃችሁ። የሙዚቃ ሕክምና ተምራ የመጣች፣ ቀጭን፣ ከተሸከመችው አኮርዲዮን ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ስሟ ለአፍ ስለከበዳቸው ሁሉም «ባለ አኮርዲዮኗ» ይሏታል። ማክሰኞና ዓርብ ረፋድ ላይ ትመጣ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እኔም ንቄያታለሁ። እዚህ ቤት የጎደለን አንሶላ እንጂ ዘፋኝ አይደለም ብዬ አጉረምርሜባታለሁ። ልጅቷ ግን ዝግጅት ልታሳይ አልነበረም የመጣችው። ወንበሯን ከአንድ ሰው ፊት ታስጠጋለች። ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ አኮርዲዮኑን በዚያው ፍጥነት ታስተነፍሰዋለች። ሲያቃስት ያደረ ሰው የገዛ ትንፋሹ ከውጭ ሲመጣለት ቀና ይላል። ያኔ ቀስ እያለች ፍጥነቱን ታበርደዋለች፤ እሱም ሳያውቀው አብሯት ይበርዳል። ክኒን የለ፣ ቁጣ የለ። ዓይኔ ባያየው አላምንም ነበር።

ክፍል ሦስት የሚኖሩት እማማ የገዛ ልጆቻቸውን ስም እየረሱ፣ የወጣትነት ዘፈናቸውን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ አንዳች ስህተት ያወርዱታል፤ እጃቸው እስኪቀላ እያጨበጨቡ። ሲያበቁ «አሁን ደግሞ ሌላ!» ብለው ይጮኻሉ። አንድ ቀን ሲጮኹ ጥርሳቸው ወለሉ ላይ ወድቆ ጥርሱን የምንፈልገው እኛ፣ የሚስቁት እሳቸው ሆኑ።

ይህ ታሪክ ግን የአባባ ነው፤ የልብስ ሰፊው። አርባ ዓመት ሙሉ በእግር በምትነዳ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። ከአሥራ አራት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ቀረ፤ ንግግራቸውም አብሮ ቀረ። ሁሉን ይሰማሉ፣ ሁሉም ይገባቸዋል። ሊመልሱ ሲሉ ግን አፋቸው ይከፈትና ባዶ አየር ይወጣል። ሁለት ሦስቴ ይሞክራሉ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። 

አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ከጎናቸው ተቀምጣ የሳምንቱን ወሬ ለብቻዋ ታወራለች፤ ጥያቄውንም ትጠይቃለች፣ መልሱንም ራሷ ትሰጣለች። «ሥራ እንዴት ነው በለኝ እንጂ አባዬ። ደህና ነው። አለቃሽስ? እሱማ ያው ነው።» እንዲህ እያለች አንድ ሰዓት ትሞላና ግንባራቸውን ስማ ትሄዳለች።

ባለ አኮርዲዮኗ ስለ አባባ ያለችኝን አልረሳውም። «እትዬ፣ ቃል የሚኖርበት ክፍል ተቃጥሎባቸዋል። ዜማ የሚኖርበት ግን ሌላ ክፍል ነው፤ እሱ አልተነካም። በዚያኛው በር ገብተን ቃላቱን እናወጣለን» አለችኝ። እኔም በልቤ «ይሁና፣ ግቢያ» አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ነው። ስትጫወት የአባባ ግራ እግር የዊልቸሩ ማሳረፊያ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። እኔ ደንዝዟቸው ነው ብዬ ላሽላቸው ስጎነበስ ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«አይንኳቸው እትዬ። እየሰፉ ነው» አለችኝ።

ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁት። እውነትም እየሰፉ ነበር! ግንባራቸው ተቋጥሯል፣ ከንፈራቸው ክር እንደያዘ ሰው ጠበብ ብሏል፣ ዓይናቸው ጭናቸው ላይ የሌለውን ጨርቅ ይከተላል። ልጅቷ ወዲያው አኮርዲዮኗን ወደ እግራቸው ምት አመጣችውና በዚያ ላይ «ው–ሃ» ብላ አዜመች። ደጋግማ። በሦስተኛው ቀን እሳቸውም አብረው «ው–ሃ» አሉ። ውሃ አመጣሁላቸው። ሰው ውሃ ለምኖ ውሃ ሲያገኝ ዓይኑ እንደዚያ እንደሚበራ አላውቅም ነበር።

ቀጥሎ «ብርድ ነው» መጣ። ይህን በዜማ ሲሉ እኔና ልጅቷ ተያየን። ለካ አሥራ አራት ወር ሙሉ ከማይገጥም መስኮት ሥር አስቀምጠናቸው ኖሯል! በየቀኑ ጠዋት እየገፋሁ እዚያ ያቆምኳቸው እኔው ነኝ፤ ብርሃን ደስ ይላቸዋል ብዬ። ዊልቸራቸውን ከዚያ ሳነሳ በራሴ ላይ የወረደብኝ ስድብ በጽሑፍ የሚወጣ አይደለም።

ከዚያ ነው «ቁራጬ» የመጣችው። አንድ ቅዳሜ ልጃቸው ካፖርቷን እየለበሰች፣ «በልጅነቴ ቁራጬ ነበር የሚለኝ» አለችኝ። «አጭር ስለነበርኩ። ልብሴም ሁሉ ከደንበኛ ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ ስለሚሰፋ። አንዱ እጅጌ አበባ፣ አንዱ እጅጌ መስመር። ከታመመ ወዲህ እንደሱ ብሎ የጠራኝ የለም።» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ቀረና ቁልፏን አሳስታ ቆለፈች። እኔ ይህን ለባለ አኮርዲዮኗ ነገርኳት። «ቁራጬ ነይ» የምትል ዜማ ሠራች። ሙሉውን እስኪሉት ድረስ ለልጃቸው ትንፍሽ እንዳንል ተማማልን። አንድ ቅዳሜ ከበር ስትገባ አባቷ ይጠሯታል፤ አሳባችን ይኸው ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ዓርብ ዕለት «ቁ... ራ...» አሉ። ሦስተኛዋ አልወጣችም። ግን ቀርባ ነበር፣ ከንፈራቸው ላይ ነበረች። አባባ አፋቸውን ከፍተው አለቀሱ፤ እያለቀሱም እግራቸው አላቆመም። ልጅቷም እኔም አለቀስን። ክፍል ሦስት እማማም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጅበውን አለቀሱ፤ ለቅሶ ካገኙ አያሳልፉም።

እና ከመውጣቴ በፊት ያንን የተረገመ ቅጽ ሞላሁ።

ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው ያለው። አንዱ «ተረጋግተዋል»፣ አንዱ «ተረብሸዋል»። ከሥር ለማስታወሻ የተተወች መስመር አለች፤ የጣት ቁመት አትሞላም። እኔ ደግሞ በሥራዬ አልዋሽም። ያለቀሰ ሰው ተረጋግቷል አይባል፤ ስለዚህ «ተረብሸዋል» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። መስመሯ ላይ፣ «እግር ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ለቅሶ። ከፍ ያለ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ስለ ሁሉም ሰው የጻፍኩት እንዲሁ ነበር። የሚያሳብደኝ ደስ ብሎኝ መጻፌ ነው። የምሥራች የምጽፍ መስሎኝ እጄ ይቸኩል ነበር።

ወደዚያች ሰኞ ልመለስ። ውሃው ከጣሪያ እየወረደ ሳለ እኔ የሥራ አስኪያጁን በር ሳላንኳኳ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚያንስ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ትሁት ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ምንድን ነው ጣሪያው ላይ የሚፈሰው?» አልኩት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አለኝ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረ። ቀይ መስመር ያለበት ግራፍ ነው። «ማክሰኞንና ዓርብን ይዩልኝ። ረብሻው እንዴት እንደሚወጣ አዩት? በቀሩት ቀናት ደግሞ እንዴት እንደሚወርድ? ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን እየጎዳቻቸው ነው። በቅርቡ የጥራት ምዘና አለብን። ይህ መስመር መውረድ አለበት።»

«ማን ነው ተረበሹ ያለው?»

 መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወፍራም ፋይል አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። ስድስት ሳምንት፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የእኔ እጅ ጽሑፍ፣ የእኔ ፊርማ።

«እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለኝ፣ ያውም በአክብሮት።

ክው አልኩ።  «አለቀሱ ብዬ ነው የጻፍኩት!»

«ልክ ነው፤ አልቅሰዋል።»

«የደስታ ለቅሶ ነው እኮ!»

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚያባብል፣ «ቅጹ ላይ የደስታ የሚል ሳጥን የለም።»

የዚያን ዕለት ሐኪሙ መጣ። ሐኪሙ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ቢሮ ተቀምጦ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ የሃያ ሦስት ሰው ፋይል አገላብጦ ይሄዳል። ለሰባት ሰው የማረጋጊያ ክኒን አዘዘ፣ ጠዋትና ማታ። አንዷ ክፍል ሦስት እማማ ናቸው፤ ማጨብጨባቸው ተጽፎባቸዋል። አንዱ አባባ ናቸው። በማግስቱ ባለ አኮርዲዮኗ መጣች፤ ዘበኛው ከበር መለሳት። «ምን አጠፋሁ?» አለችው። «እኔ ምን አውቃለሁ የኔ እህት፣ አታስገባ ነው የተባልኩት» አላት። ከኩሽናው መስኮት አኮርዲዮኗን ታቅፋ ስትሄድ አየኋት።

ነርሷን ለመንኳት። «ሐኪም ያዘዘውን እኔ አልሽርም» አለችኝ። ክኒኑን እሷ ትሰጣለች፤ ማወራረጃውን ውሃ የማቀርበው እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት የአባባ እግር ቆመ። ተረከዙም ጣቱም። ዓይናቸው ወደ ግድግዳው መዞሩን እንኳ ተወ፤ ባለበት ፈዝዞ ቀረ። አገጫቸው ላይ ምራቅ ይወርዳል፤ እኔ እጠርጋለሁ። በዚያ ሳምንት ቅጹ ላይ ለሰባቱም «ተረጋግተዋል» የሚል ምልክት አደረግሁ። ውሸት አልነበረም። ያ ነው ጉዱ።

ቅዳሜ ልጃቸው መጣች። አባቷን አየች፣ ፊቷ ለስለስ አለ።

«ዛሬ እንዴት ረጋ ብሏል!» አለችኝ። «ያ እግሩ ራሱ አርፎለታል። እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር?»

አመሰገነችኝ! እኔን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ እሷም ወሬዋን አውርታ፣ ግንባራቸውን ስማ ትሄድ ነበር፣ አባቷም በዚያው አርፈው ይቀሩ ነበር። ግን ያቺን ምስጋና ተቀብዬ ቤቴ መግባት አልቻልኩም።

«ነይ እስቲ ወደ ኮሪደሩ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ አኮርዲዮኑ፣ ስለ ውሃና ብርዱ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ቅጹ። ስለ «ቁራጬ»ም ነገርኳት። እዚያ ላይ ስደርስ ግድግዳውን ያዘች።

«ቁራጬ ብሏል?»

«ሁለቱን ፊደል ብለዋል። አንዷ ቀርታ ነበር።»

«እና ቅጹን የሞሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

ድምፅዋ ተለወጠ። «አንቺ ነሽ? ተረብሿል ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ? አባቴ ሊጠራኝ ሲል ረብሻ ነው ብለሽ ጻፍሽ?» አሥራ አራት ወር ሙሉ በ«እርስዎ» ያነጋገረችኝ ሴት ናት። «አንቺ» ስትለኝ በጥፊ የመታችኝ ያህል ተሰማኝ፤ ይገባኝ ነበር። «እኔ እዚህ እየመጣሁ ግድግዳ ሳናግር ዓመት አልፎኛል! ልብሱን እያጠብሽ፣ እያጎረስሽ፣ ይህን ሁሉ እያየሽ፣ አንድ ቃል መጻፍ አቃተሽ?»

«ቦታ አልነበረውም» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ የሥራ አስኪያጁን ድምፅ ሰማሁበት፤ አፈርኩ።

ከዚህ በኋላ እሷ ፊት እኔ ኋላ ሆነን ቢሮ ገባን። ሥራ አስኪያጁ ለምዘናው ወረቀት እያዘጋጀ ነበር። መድኃኒት ሲቀየር ለቤተሰብ መነገር እንዳለበት፣ እሷ አባቷን ያስገባች ዕለት የፈረመችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። የአባባ ፋይል ሲከፈት «ለቤተሰብ ተነግሯል» የሚል ሳጥን አለ። ምልክት ተደርጎበታል።

«ማን ነው የነገረኝ?» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ሳጥኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ተመልሶ ሳጥኑን አየ። «የአሠራር ስህተት ሊሆን ይችላል» አለ።

«ሐኪሙ ጋ ይደውሉልኝ።»

«ዛሬ እረፍት ላይ...»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጇን ቦርሳው ላይ አድርጋ፣ አርባ ደቂቃ እንዲሁ ተቀመጠች። እኔ በሩን ደግፌ ቆምኩ፤ ሰው እንዳይወጣ ነበር ብላችሁ ብታሙኝ አልክድም። በመጨረሻ ደወለ። የሐኪሙ ድምፅ ከስልኩ ስፒከር ወጣ።

«የተጻፈው እኮ ግልጽ ነው እመቤቴ» አለ። «እረፍት የለሽ የእግር እንቅስቃሴ፣ ለቅሶ፣ ጩኸት። ሌላ ምን ላዝዝ?»

«አባቴን አይተውታል?»

«ፋይላቸውን አይቻለሁ።»

«አባቴን ነው ያልኩዎት። ሰውዬውን።»

በስልኩ ውስጥ የሆነ በር ተዘጋ። ቆይቶ፣ «ቤተሰብ ካልፈለገ ይቁም» አለ፤ ዘጋው። ሲሰጥም ሳያይ፣ ሲከለክልም ሳያይ! እኔ አንድ ሰው ፀጉሩን ሳላይ አላበጥርም።

የአባባ ክኒን ቆመ። እሑድ ምንም አልነበረም። ሰኞም። ረቡዕ ቁርስ ሳበላቸው የግራ እግራቸው አውራ ጣት ካልሲው ውስጥ ብቅ ጥልቅ አለች። ማንኪያውን ይዤ እዚያው አየኋት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ቅጹም ላይ አልጻፍኩም። ቅጽ አስፈርቶኛል።

ቀጣዩ ቅዳሜ ልጃቸው ብቻዋን አልመጣችም። ባለ አኮርዲዮኗን አስከትላ መጣች፤ «እንግዳዬ ናት፣ አባቴን ልትጠይቅ ነው» ብላ። ጠያቂ መከልከል አይቻልም። አኮርዲዮኑን ግን ዘበኛው አስቀረው፤ የሙዚቃ መሣሪያ ክልክል ነው የሚል ትእዛዝ ወጥቷል። በሙዚቃ ሕክምና ማዕከል! ልጅቷ አልተከራከረችም። ከአባባ ፊት ወንበሯን አስጠጋች፣ አጠገባቸው ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ በጣቷ እየመታች በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች።

አልሆነም። አባባ ይሰማሉ፣ ዓይናቸው ልጅቷ ላይ ነው፣ እግራቸው ይነሳል፤ ከላይ ያ ፒያኖ ይመጣና ምቱን ይነጥቃቸዋል። ደግሞ ይጀምራሉ፣ ደግሞ ውሃው ያዳፍነዋል። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸው አየችኝ። እኔ ወደ ቢሮ ሮጥኩ።

«ለአሥር ደቂቃ ያጥፉልኝ» አልኩት ሥራ አስኪያጁን።

«እትዬ፣ ሕክምና እኮ ነው» አለኝ። «ሕክምና መሀል ላይ አይቋረጥም። መዛኞቹ ደግሞ ማክሰኞ...»

ጨርሶ የተናገረው አይመስለኝም፤ ጨርሶም ከሆነ አልሰማሁትም። ሳሎኑ ተመልሼ የምሳ ጠረጴዛውን ከስፒከሩ ሥር ገፋሁት፣ ወንበር ጫንኩበት፣ ወጣሁ። አምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ የሚያማርር ጉልበት ነው። «እሳቷ ልትወድቅ ነው!» አሉ ከኋላዬ አንዱ ሽማግሌ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሰማሁት። ስፒከሩን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። ሽቦው አብሮ መጣ፣ ከጣሪያው ትንሽ ኖራ ፀጉሬ ላይ ፈሰሰ፣ አራቱም በአንድ ሽቦ ላይ ስለነበሩ አራቱም ዝም አሉ።

ጸጥታው ሳሎኑን ሞላው። የሰው ትንፋሽ ተሰማ፣ የኩሽናው ድስት ክዳን ተሰማ፣ የልጅቷ ጣት ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተሰማ። እኔ ከወንበር ለመውረድ ፈርቼ እዚያው ላይ ቀረሁ፤ ስለዚህ ሁሉንም ያየሁት ከላይ ነው።

የአባባ እግር ተነሳ። ተረከዝ፣ ጣት። ቆመ። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። ልጅቷ የእግራቸውን ምት ተቀበለችና ዜማዋን ጀመረች። አባባ ከንፈራቸውን አጠበቡ። «ቁ» አሉ። «ራ።» ልጅቷ የራሷን ድምፅ አጠፋች። ብቻቸውን ቀሩ።

«ጬ» አሉ። ከዚያ «ነይ»።

ልጃቸው አልተነቃነቀችም። እኛም የጠበቅነው ይህንኑ ነበር፣ ያስተማርናቸውም ይህንኑ ብቻ። የአባባ እግር ግን አላቆመም። ደህናው እጃቸው ተነስቶ አንገታቸው ላይ አንድ ነገር ፈለገ፤ ልብስ ሰፊ ሜትሩን የሚያንጠለጥልበት ቦታ ላይ። በዚያው ዜማ፣ ማንም ያላስተማራቸውን ቃል አወጡ።

«ቁራጬ ነይ... ልለካሽ።»

አርባ ዓመት የሆናት ሴት ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ለቀቀች። አባቷ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች፣ ሁለት ክንዶቿን ወደ ጎን ዘረጋች፣ አገጯን ቀና አደረገች። ለልብስ እንደምትለካ ልጅ። አባባ የሌለውን ሜትር ከትከሻዋ ጀምረው፣ በአንድ እጃቸው፣ እስከ እጅ አንጓዋ ድረስ ለኩ። ከዚያ ወገቧን ለኩ። እሷ እያለቀሰች ነበር፤ ግን ልክ እንዳይበላሽ አልተንቀሳቀሰችም።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላወቅሁም። ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ እነሱን አየ።  ቀስ ብሎ መጥቶ ወንበሩን ያዘልኝ፣ ወረድኩ። ሰኞ ግን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቅጽ የምሞላበት ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ፤ «ንብረት ማውደም» ይላል። ፈረምኩ። ማውደሜ እውነት ነው።

የቅዳሜውን ቅጽ ግን ዕለቱኑ ሞልቼው ነበር። ሁለቱን ሳጥኖች ባዶ ተውኳቸውና በላያቸው ላይ፣ በሁለቱም ላይ፣ በትልቁ «ሥራ ላይ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ካስፈረመኝ በኋላ ቅጹን መለሰልኝ። «እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ይህን አይቀበልም» አለኝ።

«እንግዲያው የእነዚያን ስድስት ሳምንታት ቅጽ ይስጡኝና ላርማቸው» አልኩት። «እጅ ጽሑፉ የኔ ነው።»

«የገባ ቅጽ አይታረምም።»

የአባባ ልጅ ከበር ቆማ ትሰማ ነበር፤ ያን ዕለት አባቷን ለማየት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። ስወጣ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ» አለችኝ አሁንም፣ ግን በጥፊው ድምፅ አይደለም። «የቀሩት ስድስት ሰዎችስ?»

የቀሩት ስድስት፤ ክኒኑ ያልቆመላቸው። ክፍል ሦስት እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል፤ ካጨበጨቡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። የእሳቸውንም ቅጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የስድስቱን ቤተሰብ ስልክ አንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ፤ ይህንም ደንቡ አይፈቅድም፣ ለእሱም ደብዳቤ ይጻፉልኝ። በምሳ ሰዓቴ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆሜ የመጀመሪያውን ቁጥር መታሁ። አንዲት ሴት አነሳች፤ የእማማ ትልቋ ልጅ ናት። ገና ከመኖሪያው ነው ስላት «እናቴ ምን ሆነች?» ብላ ጮኸች።

«እናትሽ ደህና ናቸው፤ አትደንግጪ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ተቀመጪና ስሚኝ።»